ትንንሽ እውነት፣ አንድ ትልቅ ዕጣ

ስለ ወገንተኛ የዜና ድረ ገጾች ወሬ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከውሸታቸው ነው። «ውሸታሞች ናቸው» እንላለን፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እኔ ግን እነዚህን ገጾች ለዓመታት ሳነብ፣ የምወዳቸውንም የማልወዳቸውንም ማለቴ ነው፣ አንድ የማይመች ነገር አስተዋልኩ። የሚጽፉት አብዛኛው ነገር እውነት ነው። የመንገድ መዘጋት፣ የባለሥልጣን ሹመት፣ የአንድ ወረዳ ስብሰባ፣ የታሰረ መምህር ስም፤ ብታጣሩት ብዙውን ጊዜ ልክ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንባቢያቸው ሞኝ ነው ማለት ስድብ እንጂ ትንታኔ አይሆንም። ብዙው ሰው አጣርቶ፣ ልክ ሆነው አግኝቷቸው ነው ያመናቸው።

ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ቀን እውነት የሚናገር ገጽ እንዴት አድርጎ ነው በአንድ ሌሊት ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስፈራራው? መልሱን ውሸቱ ውስጥ ስንፈልግ ጊዜ አጥፍተናል። እኔ የምፈልገው ከውሸቱ በፊት በነበሩት እውነቶች ውስጥ ነው።

የምጽፈው ከጅማ ነው፤ ከመርካቶ። የአዲስ አበባውን ማለቴ አይደለም፤ የኛውን፣ የሂርማታውን መርካቶ። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን ስሙ እስከ ሩቅ የተሰማ ነበር። ዛሬም ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከሰቃ፣ ከጎማ ቀበሌዎች የሚመጣው ቡናም ወሬም እዚህ ይገናኛል። ገበያ መሃል ያደገ ሰው ስለ እምነት ሲያስብ ቀድሞ ትዝ የሚለው ጋዜጠኝነት ሳይሆን ዕቁብ ነው። ስለዚህ ከዕቁብ ልጀምር።

ዕቁብተኛው

ዕቁብን ማስረዳት ለማንም አያስፈልግም። ሰው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጥላል፤ ዕጣ ሲወጣለት ጠቅላላውን በአንድ ጊዜ ይወስዳል። «ዕቁብ የሚቆመው በእምነት ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ዳኛውንና ጸሐፊውን ብትጠይቁ ሌላውን ግማሽ ይነግሯችኋል፤ ዕቁብ የሚቆመው በዋስ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ያመጣል። ለምን ቢባል፣ ዕቁብ ውስጥ አደገኛው ሰው መጣል ያቃተው አይደለም፤ እሱ በሁለተኛው ሳምንት ይታወቃል። አደገኛው አንድም ሳምንት ሳያጓድል ሲጥል ከርሞ፣ ዕጣው በወጣለት ማግስት ስልኩን ዘግቶ የሚጠፋው ነው። እንዲያውም ሲጥል ያሳየው ትጋት ነው ሰውን ያዘናጋው።

ወገንተኛ ድረ ገጽ እንዲህ ያለ ዕቁብተኛ ነው። በየቀኑ ትንሽ እውነት ይጥላል። አንባቢው ይመዘግብለታል፤ «እነዚህ ሰዎች ያሉት ሁሉ ሆነ» ይላል። የተጠራቀመው እምነት አንድ ቀን፣ ማንም ማጣራት በማይችልበት ሰዓት፣ በአንድ ትልቅ ዜና ተጠቅልሎ ይወጣል። በዚያን ቀን ዋስ የሚጠይቅ የለም።

ከዚህ በታች የማደርገው ይህ መዋጮ እንዴት እንደሚጣል በቅርበት ማየት ነው። የጽሑፍ ጉዳይ ነውና እንደ ጽሑፍ ላንብበው።

የቀበሌ ስም

ከምርጫ 97 በኋላ ብዙ የግል ጋዜጦች ተዘጉ፤ አዘጋጆቻቸው ታሰሩ፣ የቀሩት ተሰደዱ። የፖለቲካ ንባባችን ወደ ኢንተርኔት የተሻገረው በዚያን ጊዜ ነው። ኢትዮሚድያ፣ ኢትዮጵያን ሪቪው፣ ናዝሬት ዶት ኮም በአንድ በኩል፣ ገዢውን ግንባር የሚደግፈው አይጋ ፎረም በሌላ በኩል ቆሙ። ኢንተርኔት ካፌ ሰዓት ገዝቶ ያነበበ ትውልድ ያስታውሳቸዋል።

የተቃዋሚዎቹ ገጾች ለምን በቀላሉ ታመኑ? ከእነሱ ጽሑፍ በፊት የመንግሥትን ዜና ማንበብ ያስፈልጋል። የዚያን ዘመን የመንግሥት ዜና ሁላችንም የምናውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ «በአንዳንድ አካባቢዎች ተፈጥሮ የነበረው አለመረጋጋት በቁጥጥር ስር ውሏል።» እስቲ እንመርምረው። «አንዳንድ አካባቢዎች» የት ናቸው? አለመረጋጋቱን ማን ፈጠረው? ማን ተጎዳ? ግሱ ራሱ ባለቤት የለውም፤ «ተፈጥሮ የነበረው»፣ «ውሏል»። ሰው የሌለበት ዓረፍተ ነገር ነው። የሚገርመው ደግሞ ውሸት የለበትም። አካባቢዎቹ ምናልባት እውነትም ተረጋግተዋል። ግን በዚያ አካባቢ የሚኖር ሰው ዜናውን ሰምቶ የራሱን ቀን እዚያ ውስጥ ማግኘት አይችልም።

አሁን ወገንተኛውን ገጽ እንክፈት። «ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በእንዲህ ያለ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በር ላይ…»። የከተማው ስም አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ በሩ አለ። አጋሮ ያደገ ልጅ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ሲያነብ መናኸሪያው በዓይኑ ይመጣበታል። ስልኩን አንስቶ አክስቱ ጋ ይደውላል። «አዎ፣ እውነት ነው፣ እኛም ሰምተናል» ትለዋለች። በቃ። አንድ ጊዜ አጣራ፣ ልክ ሆነ። በሁለተኛው ጊዜም ይደውል ይሆናል። በአምስተኛው አይደውልም። ለምን ይደውላል? የካርድ ብር ነው።

ዋናው መካኒክ ይሄ ነው። ሊጣራ የሚችለው ነገር ልክ መሆኑ፣ ሊጣራ ለማይችለው ነገር ዋስ ሆኖ ይቀርባል። መናኸሪያው እውነት ከሆነ፣ ሰዓቱ እውነት ከሆነ፣ «ይህን ያደረጉት እነ እገሌ ናቸው፣ ዓላማቸውም ይሄ ነው» የሚለው የመጨረሻው መስመርም አብሮ እውነት ይመስላል። አክስት ስለ መናኸሪያው ልትመሰክር ትችላለች። ስለ ዓላማው ግን እሷም የምታውቀው ከዚያው ገጽ ያነበበችውን ነው።

እገዳ እንደ ምስክር ወረቀት

ከግንቦት 1998 ጀምሮ መንግሥት የተቃዋሚ ድረ ገጾችንና ብሎጎችን ማገድ ያዘ። ኢትዮሚድያና ኢትዮጵያን ሪቪው አገር ውስጥ አይከፈቱም፤ አይጋ ፎረም ይከፈታል። ኢሳት በ2002፣ ኦኤምኤን በ2006 ከውጭ አገር ስርጭት ሲጀምሩ ደግሞ ጉዳዩ ከኮምፒውተር ወደ ጣሪያ ወጣ። የጸጥታ ኃይሎች በኦሮሚያ የሳተላይት ዲሽ ይነቅሉና ይሰብሩ እንደነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። በጥቅምት 2009 የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ መመሪያ ደግሞ ሁለቱን ጣቢያዎች ስማቸውን ጠርቶ፣ እነሱን መከታተል ከለከለ።

ስም ጠርቶ መከልከል ለአንድ ሚዲያ ምን እንደሚሰጥ አስቡት። በገንዘብ የማይገዛ ማስታወቂያ ነው። «እውነት ባይናገሩ ለምን ይፈሯቸዋል?» የሚለውን ጥያቄ በየሻይ ቤቱ የሚጠይቀው ተመልካቹ ራሱ ነው፤ ጣቢያው መጠየቅ አላስፈለገውም። ጥያቄው ግን ስንፍና አለበት። መንግሥት እውነትንም ውሸትንም ሊፈራ ይችላል፤ የሚፈራው ሰው የሚሰማውን ነገር ነው። እገዳ የሚያረጋግጠው መደመጥን ብቻ ነው፤ እኛ ግን የእውነት ማህተም አድርገን አነበብነው።

ሌላም ነገር አለ። በፕሮክሲ ዞሮ፣ ኮኔክሽኑ ሦስት ጊዜ ተቆርጦበት፣ ዙሪያውን ገላምጦ ያነበበ ሰው ለዚያ ጽሑፍ ዋጋ ከፍሎበታል። በስንት መከራ ያገኘነውን ነገር ርካሽ ነው ብለን ማሰብ አይሆንልንም። ስለዚህ አንባቢው ራሱ በገጹ ላይ የራሱን እምነት ጨመረበት። ሰኔ 2010 ላይ መንግሥት 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች መከፈታቸውን ሲያስታውቅ ብዙዎቻችን ደስ አለን፤ ተገቢም ነበር። በነጻነት ስናነባቸው ግን አንዳንዶቹ ቀላል ሆነው ታዩን። ጽሑፉ ያው የድሮው ነው። የቀረው ፍርሃቱ ነበር፤ ለካ ከክብደቱ የተወሰነው የፍርሃቱ ነበር።

ማህተምና ቁጥር

ኢትዮጵያዊ አንባቢ በማህተም ያደገ ነው። ከቀበሌ መታወቂያ ጀምሮ፣ ክብ ማህተምና ቲተር የሌለበት ወረቀት ወረቀት አይደለም። ስለዚህ ወገንተኛ ገጾች ከሁሉ በላይ የሚወዱት «ሾልኮ የወጣ ደብዳቤ» ነው። የደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ግልባጭ፣ ሐምራዊ ማህተም። ከእነዚህ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ እውነተኛ ናቸው። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ደብዳቤው የሚለውና ከደብዳቤው በላይ የተጻፈው ርዕስ ሁለት ነገር ናቸው። አንድ ቢሮ ለሌላ ቢሮ «የሠራተኞች ዝርዝር ይላክልን» ብሎ ይጽፋል። ርዕሱ «የጅምላ ማባረር ዕቅድ ተጋለጠ» ይላል። ማህተሙ ያረፈው ደብዳቤው ላይ ነው፤ ዓይናችን ግን ከማህተሙ ወደ ርዕሱ ሲሄድ እምነቱን ይዞት ይሄዳል። ሼር የምናደርገውም ስክሪን ሾቱን ነው፤ ርዕሱና ማህተሙ በአንድ ምስል ላይ ተጣብቀው።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል የደረሰውን አንረሳውም። መንግሥት የሞቱት 55 ናቸው አለ። በተቃዋሚዎች በኩል 678 የሚል ቁጥር ወጣ። ገለልተኛ ምርመራ ይደረግ የሚለው የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ጥያቄ መልስ አላገኘም። የትኛው ቁጥር ለእውነት ይቀርባል የሚለውን እዚህ አልፈታም። እንደ አንባቢ የማየው ግን ይሄን ነው፤ «ወደ 700» ከሚል ይልቅ «678» የሚል ቁጥር ይታመናል። 678 ያለ ሰው አንድ በአንድ የቆጠረ ይመስላል። 55ም እንደዚያው ነው፤ ሬሳ ቆጥሮ የፈረመ ሐኪም ያለ ያስመስላል። ሁለቱም ቁጥሮች በየወገናቸው የታመኑት ማንም ዝርዝሩን ሳያይ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣ ገለልተኛ አካል ያልፈቀደው ደግሞ መንግሥት ስለነበር፣ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ማንም የፈለገውን ቢያቆም አይደንቅም። የወገንተኛ ሚዲያ እርሻ የተዘጋ በር ነው።

ሦስተኛው ዘዴ «ብለን ነበር» ነው። አንድ ገጽ በወር ውስጥ ሃያ ነገር ይተነብያል እንበል። ሦስቱ ይሳካሉ። ሦስቱ እንደገና ፖስት ይደረጋሉ፤ «ይህን ከሁለት ወር በፊት ነግረናችሁ ነበር»። አሥራ ሰባቱ ዝም ይባላሉ ወይም ይጠፋሉ። ከዓመት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ተሳስቶ የማያውቅ ገጽ ነው። ነቢይ የሚመስለው ገጽ፣ እርማት አውጥቶ የማያውቅ ገጽ ነው።

ልብስ የተዋሰ መንግሥት

እስካሁን የተቃዋሚ ገጾችን ያበዛሁ ይመስላል። ግን ወገንተኝነት የተቃዋሚ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ከሁሉ የረቀቀውን ምሳሌም ያገኘሁት ከመንግሥት ነው። የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2013 መጨረሻ ሲጀመር፣ ብዙም ሳይቆይ «ኢትዮጵያ ስቴት ኦፍ ኢመርጀንሲ ፋክት ቼክ» የሚባል የመንግሥት ገጽ በፌስቡክና በትዊተር ብቅ አለ። ስሙን አስተውሉት። «የመንግሥት መግለጫ» አላለም፤ «ፋክት ቼክ» አለ። በዓለም ላይ መረጃ አጣሪዎች ለዓመታት በሥራ ያካበቱትን ስም፣ ከተዋጊዎቹ አንዱ የሆነ አካል እንደ ካባ ደረበው። ዳኛውም ከሳሹም አንድ ሰው ሲሆን እኛ በአማርኛ የምንለው አናጣም።

በዚያው ጦርነት የኤርትራ ጦር ትግራይ ውስጥ መኖሩን መንግሥት ለወራት ሲያስተባብል ቆይቶ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጋቢት 14 ቀን 2013 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አመኑ። ለእኔ ከማስተባበሉ የበለጠ ያስተማረኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወይም ያልሆነው። ማስተባበያውን ሲያሰራጩ ከነበሩት ደጋፊ ገጾች መካከል «ተሳስተን ነበር፣ ይቅርታ» የሚል አላየሁም። ወሬው በአንድ ቀን ውስጥ «የሉም» ከሚለው ወደ «ቢኖሩስ ምን አለበት» ተሻገረ፤ አንባቢውም አብሮ ተሻገረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ፌስቡክ ከኢንሳ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር ያያዛቸውን 65 አካውንቶችና 52 ገጾች ማጥፋቱን አስታወቀ። ተራ ዜጋ መስሎ የሚያወራው ሁሉ ተራ ዜጋ አልነበረም ማለት ነው።

ዕጣው የወጣበት ሌሊት

ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ከሳምንት በፊት ከኦኤምኤን ጋር ያደረገው ቃለ ምልልስ አገር ያነጋገረ ነበር። በማግስቱ አስከሬኑ የት ይቀበር የሚለው ክርክር መንገድ ላይ ወጣ፤ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ የኦኤምኤን የአዲስ አበባ ቢሮም ተዘጋ፤ ጃዋር መሐመድ ታሰረ። ኢንተርኔቱ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ቢያንስ 123 ሰዎች መሞታቸውንና ቢያንስ 500 መቁሰላቸውን በኋላ ባወጣው ሪፖርት አሳውቋል።

ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ጣቢያ ነው የሚል ጽሑፍ አልጽፍም። ያ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል፤ ክሱም በ2014 ተቋርጧል። ትኩረቴ አንባቢው ላይ ነው። በዚያ ሌሊት በየቤቱ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ማን ገደለው? ፖሊስ ገና አልመረመረም፤ ማስረጃ የያዘ ማንም የለም። መልሱ ግን ጠዋት ላይ ነበር። እንዲያውም ብዙ መልስ ነበር፤ በየወገኑ አንድ አንድ፤ እያንዳንዱም በባለቤቱ ዘንድ የተረጋገጠ። አክስት ጋ ደውሎ ማጣራት አይቻልም፤ ስለ መናኸሪያ እየተወራ አይደለማ። ሰው ያለው ነገር ለዓመታት የተጠራቀመው እምነት ብቻ ነበር፤ እሱን አውጥቶ ከፈለ።

ይህን ስጽፍ ከኢንተርኔት በፊትም እንደነበረ አልዘነጋም። በ2003 የካቲት መጨረሻ፣ ከኛ ብዙም በማይርቀው አሰንዳቦ፣ ቁርኣን ተቀደደ የሚል ወሬ ተነስቶ በአካባቢው በርካታ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ያኔ ስማርት ስልክ በየእጁ አልነበረም። ወሬ ሰው ለመፈናቀል ዌብሳይት አይጠብቅም። ድረ ገጹ የጨመረው ነገር ቢኖር ለወሬው ቋሚ አድራሻ፣ ሎጎና ያለፈ ታሪክ መስጠቱ ነው። የገበያ ወሬ ተናጋሪው ይታወቃል፤ «እሱማ ያጋንናል» ይባላል። ድረ ገጹ ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት የእርግጠኝነት ድምፅ ነው የሚናገረው።

የጀንፈሉ ነጋዴ

እዚህ መርካቶ ጀንፈል ቡና የሚገዙና የሚያቀርቡ አንድ ነጋዴ አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ኦቦ» ብለን ነው የምንጠራቸው። አንድ ቀን የቡና ዋጋ ወሬን እንዴት እንደሚያጣሩ ጠየቅኳቸው። ሳቁ።

«ልጄ፣ ዋጋ ወጣ ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው ማን እንዳለ ነው» አሉኝ። «መጋዘኑ ሙሉ የሆነ ሰው ‹ወጣ› ቢለኝ አልሰማውም። ሊሸጥ ነዋ። የሚገዛ ሰው ጋ እደውላለሁ። ለሚገዛ ሰው ‹ወረደ› ማለት ነው የሚጠቅመው። እሱ እያመመው ‹ወጣ› ካለ፣ እውነትም ወጥቷል።»

እንዲህ ያለ የጋዜጠኝነት ትምህርት በየትም ክፍል ውስጥ አልሰማሁም። እሳቸው የሚፈልጉት ገለልተኛ ሰው አይደለም። ገበያ ውስጥ ገለልተኛ የለም። የሚፈልጉት ተናጋሪውን የሚጎዳ ምስክርነት ነው። የቡናው ሥራ ራሱ ይህንን ጥርጣሬ ሥርዓት አድርጎታል፤ በምርት ገበያው ናሙና ሲቀመስ ኮድ ተሰጥቶት ነው፤ ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ ሳያውቅ ነው ደረጃ የሚሰጠው። ቀማሹ ስለማይታመን አይደለም። ስም ምላስን እንደሚያሳስት ስለሚታወቅ ነው።

«ፖለቲካውንስ እንዴት ነው የሚያጣሩት?» አልኳቸው። ስልካቸውን አወጡ። ሦስት የቴሌግራም ቻናል አሳዩኝ፤ ሦስቱም የአንድ ወገን ናቸው። «እነዚህማ የራሳችን ሰዎች ናቸው» አሉ፣ ማጣራት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ለምን እንደመጣ ግር እያላቸው።

ብልህ ሰው ናቸው፤ ጅል አድርጌ ላቀርባቸው አልፈልግም። ለአንድ ፈረሱላ ቡና ሁለት ጊዜ የሚደውሉ ሰው ለምን ስለ ሰው ሕይወት አንድ ጊዜም አይደውሉም? ብዙ ካሰብኩበት በኋላ መልሱ ከሂሳብ የራቀ አልመሰለኝም። የዋጋ ወሬ ሲሳሳት የሚከፍሉት ራሳቸው ናቸው። የፖለቲካ ወሬ ሲሳሳት የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ምናልባት በሌላ ከተማ ያለ፣ ምናልባት ግን ሱቁ ከሳቸው ሱቅ አጠገብ ያለ ሰው። ማጣራት ድካም አለው፤ ሰው የሚደክመው ለራሱ ኪሳራ ነው። ወገንተኛ ሚዲያ የቆመበት ትልቁ መሠረት ይሄ ይመስለኛል። ከጽሑፍ ዘዴ ሁሉ በላይ የሚያግዘው፣ ስናምነው ለእኛ ነጻ መሆኑ ነው።

እንዝጋቸው?

አንድ ሰው እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ «ታዲያ ገለልተኛ የሚባለውስ የት አለ? የመንግሥት ሚዲያ ወገንተኛ አይደለም እንዴ? ኢሳትና ኦኤምኤን ባይኖሩ በእነዚያ ዓመታት የሆነውን ማን ይነግረን ነበር?» ልክ ነው። ወገን ያለው ሚዲያ መኖሩ ነውር የለበትም፤ ሌላው የሸሸበትን ቦታ የረገጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የቀበሌውን ስም የጻፈው እሱ ነው። ያ መዋጮ እውነተኛ መዋጮ ነበር፤ ለአገሩም ጠቅሟል።

ስለዚህ መዝጋት መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል፤ ሃጫሉ የተገደለው አዋጁ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሕግ ወንጀል የሠራን ሊቀጣ ይችላል። እምነትን ግን ከአንባቢው ላይ በአዋጅ መንቀል አይቻልም። መንግሥት አንድን ገጽ በዘጋ ቁጥር ደግሞ ለገጹ የሳምንቱን ዕቁብ የሚጥልለት ራሱ መንግሥት ነው።

የሚቀረው ዋስ መጠየቅ ነው፤ ጠያቂዎቹም እኛ ነን። ዋሱ ምን ይመስላል? ከነጋዴው የተማርኩትን ወደ ንባብ ልመልሰው። አንድ ገጽ ዋስ አለው የምለው ሲሳሳት እርማቱን ስህተቱን ባወጣበት ቦታና ድምፅ ልክ ሲያወጣ ነው። ዋስ አለው የምለው ጸሐፊው ነገ «አንተ ነህ ያልከው» ሊባል የሚችል ሰው ሲሆን ነው፤ አገር ውስጥ ስሙን የሚደብቅበት በቂ ምክንያት ያለው ጸሐፊ እንዳለ ባውቅም። ከሁሉ በላይ ግን ዋስ አለው የምለው አልፎ አልፎ የራሱን ወገን የሚያሳምም ዜና ሲጽፍ ነው። የራሱ ደጋፊዎች ኮሜንት ላይ «ተሸጥክ» ብለው የሚሰድቡት ገጽ ካለ፣ በኔ ግምት ያ ገጽ ዕጣ ቢወጣለት አይጠፋም።

ይህን መፈተሽ ከባድ አይደለም። ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ ከሁሉ የምታምኑትን ገጽ ክፈቱ፤ የምትጠሉትን ሳይሆን የምታምኑትን። ወደ ኋላ ስክሮል አድርጉና የራሱን ሰዎች ያስቆጣ አንድ ዜና ፈልጉ። ከአንድ ወር በፊት ቢሆንም ይቆጠራል። ከስድስት ወር በፊትም ይሁን። ጣታችሁ እስኪደክም ሄዳችሁ ካላገኛችሁ፣ የሚቀጥለውን ሰበር ዜናውን ሼር ከማድረጋችሁ በፊት የሚገዛው ሰው ጋ ደውሉ።